አብሽሪ፦ የ60 ማይል ጉዞዬ ማስታወሻ

24 ሳምንት ሲቀረው፣ ግንቦት ማብቂያ

ዛሬ ተመዘገብኩ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ እዚህ ሳን ዲዬጎ የሚደረገው የሱዛን ጂ. ኮመን የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ነው፤ በሦስት ቀን 60 ማይል፣ ወደ 97 ኪሎ ሜትር። መጓዝ የፈለገ ሰው ቢያንስ 2,300 ዶላር ከወዳጅ ዘመድ ሰብስቦ ማስገባት አለበት። ገንዘቡ ለጡት ካንሰር ምርምርና ለታማሚዎች ድጋፍ ይውላል። የገፋፋችኝ በአዛውንቶች መንከባከቢያው አብራኝ ሌሊት የምትሠራ የሜክሲኮ ተወላጅ ባልደረባዬ ናት። እሷ ራሷ ታማ ከዳነች 9 ዓመቷ ነው። ጉዞውን 4 ጊዜ ሄዳዋለች።

መመዝገቢያው ላይ «ለምን ትጓዣለሽ?» የሚል ጥያቄ አለ። «ለእህቴ» ብዬ ጻፍኩ። በምን እንደሞተች ልቀጥል ስል እጄ ቆመ። እትዬ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የበሽታዋን ስም ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። እኛ ቤት «ያ በሽታ» ነበር የሚባለው፤ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ደግሞ «ጨጓራ ነው» ተባለ።

ደሴ ነበር የምትኖረው። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነገር ብብቷ ሥር ያገኘች ጊዜ 39 ዓመቷ ነበር። ለማንም አልነገረችም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነጠላዋን በዚያ በኩል እያጣፋች ኖረች። ሐኪም ያያት 40 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ያን ጊዜ በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማና ሐረርም ተጀምሯል። እትዬ አዲስ አበባ ስትደርስ ግን በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንዲት ሐኪም እጇን ይዛ ብዙ እንደቆየች በስልክ የነገረችኝ እትዬ ራሷ ናት። እኔ እዚህ ነበርኩ። በ2008 ዓ.ም. በ41 ዓመቷ አረፈች።

ማታ ስለ ድርጅቱ ሳነብ ቆየሁ። ሱዛን ኮመን በ36 ዓመቷ በዚሁ በሽታ የሞተችው በ1980 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ታናሽ እህቷ ናንሲ ብሪንከር ለእህቷ የገባችውን ቃል ይዛ በ1982 ድርጅቱን አቋቋመች። የታናሽ እህት ሥራ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ተመልሼ መመዝገቢያውን ከፈትኩና ጻፍኩት፦ የጡት ካንሰር።

22 ሳምንት

ሥልጠናው ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ 3 ማይል፣ ቅዳሜ 4። የደሴውን የጦሳ ተራራ ዳገት እንጨት ተሸክሞ የወጣ እግር ለዚህ ምን ይሆናል ብዬ ነበር። የደሴዋ ልጅ ግን 17 ዓመቷ ነበር፤ የአሁኗ 44 ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ አዛውንት ስታነሳና ስታስተኛ የምታድር ናት። ቅዳሜ ስመለስ ባቴ ድንጋይ ሆነ።

ጫማ ገዛሁ። ሻጩ ወደ ማታ ተመልሼ እንድመጣ ነገረኝ፤ እግር ሲውል ስለሚያብጥ የሚለካው ያኔ ነው። ከወትሮው ቁጥሬ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሰጠኝ። የጥጥ ካልሲዎቼን ሁሉ ለሥራ ተውኳቸው። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ ላብ ቆዳን ያላላል፤ የላላ ቆዳ ሲታሽ ውሃ ይቋጥራል። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ የጫማውን ግማሽ ዋጋ ወሰደ። የሚቀጥለውን ደመወዝ መጠበቅ ስለሌለብኝ ከዕቁቤ ቀነስኩ።

ጉዞው ላይ የጆሮ ማዳመጫ አይፈቀድም፤ መኪናውንና አጠገባችን ያለውን ሰው እንድንሰማ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ያለ ማዳመጫ እየለመድኩ ነው። ዝም ብሎ መሄድ ከሁሉ ከባድ ሆኖብኛል። ዝም ስል እትዬ ትመጣለች።

19 ሳምንት

ገንዘብ የመጠየቂያ ደብዳቤዬን በአማርኛ ጽፌ ለ31 ሰው ላክሁ። ባልደረባዬ ተርጉሚልኝ አለችኝና ተረጎምኩላት። «‹ለሴቶች ጤና› ነው የሚለው? የምን ጤና? ጥርስ ነው? ጉልበት ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደብዳቤው ሙሉ ገጽ ሆኖ «ጡት» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም። እንደገና ጻፍኩት። ይኸኛው አጭር ነው፦ እህቴ በጡት ካንሰር ሞተች፤ ደብቃው ነበር፤ ለእሷ 60 ማይል እሄዳለሁ፤ እርዱኝ።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ለመናገር ቄሱን አስፈቀድኩ። ወረቀቴን አንብበው ዝም አሉ። እምቢ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። «ቃሉ ምን ነውር አለበት? በሉቃስ ወንጌል ሴቲቱ የጌታን እናት ማኅፀንና ጡት ብፁዓን ናቸው ብላ በሕዝብ መካከል ጮኻ የለም እንዴ?» አሉና ራሳቸው ማይክራፎኑን ይዘው አስተዋወቁኝ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ፤ አንድ ሽማግሌ ወጥተው ሄዱ። ሻይ ላይ ግን የመጀመሪያውን 20 ዶላር የሰጡኝ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እስካሁን 140 ዶላር።

14 ሳምንት፣ ፍልሰታ

ጾም ነው፤ ቅዳሜ 10 ማይል ነበረብኝ። በሚሽን ቤይ ዙሪያ ሄድኩ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ጥላ ግን የለውም። ሰባተኛው ማይል ላይ የእጄ ጣቶች አብጠው ቀለበቴ አልወጣ አለ፤ ራሴን አዞረኝ፤ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አልጠጣሁም እንዳይባል ሦስት ጠርሙስ ጨርሻለሁ።

ችግሩ እሱው ነበር። በሥራ ቦታችን ያለችው ነርስ ስታስረዳኝ፣ ሰው ሲያልበው ጨውም አብሮ ይወጣል፤ የወጣውን በባዶ ውሃ ብቻ ከተካነው ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ሲበዛ ሰው ይጥላል፣ ይገድላልም። ከውሃው ጋር ጨው መግባት አለበት። የአገሬ ሰው ለመንገድ በሶ በጨው በጥብጦ የሚይዘው ለካ በከንቱ አይደለም። እናቴ ለገበያተኛ ስታዘጋጅ እያየሁ አድጌ እዚህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሜ ልወድቅ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ በሶና ዳቦ ቆሎ እይዛለሁ። በሶው የጾም ነው፣ አይበላሽም፣ ሆድ አይከብድም። ዳቦ ቆሎውን ጨው በዛ፣ በርበሬ ቀነስ አድርጌ ጠበስኩት። ባልደረባዬ ቀምሳ ለራሷም አዘዘችኝ።

610 ዶላር።

12 ሳምንት

ደብዳቤዬ ደሴ ደርሷል። የላኩት አትላንታ ላለች የአክስቴ ልጅ ነበር፤ እሷ ለእናቷ፣ እናቷ ለወንድሜ። ዛሬ ሌሊት ደወለ። ጋሼ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ እሱ ነው የሚከብደኝ።

«ስሟን ለምን በየሜዳው ትበትኛለሽ? ጨጓራ ብለን ቀብረናታል።»

«ጋሼ፣ ጨጓራ አልነበረም።»

«እኔ አላውቅም ወይ? ልጅቷን አስቢያት። 23 ዓመቷ ነው። እናቷ በዚህ ሞተች ከተባለ ማን ያገባታል? በዘር ይመጣል ይሉ የለም?»

ያልኩትን እዚህ ልጻፈው፤ በስልክ ላይ ተንተባትቤበታለሁና። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከወላጅ በወረሱት የዘር ለውጥ የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ቤተሰባቸው ውስጥ አንድም ሰው ታሞ አያውቅም። ይህ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ እናቷ በወጣትነቷ የታመመች ልጅ ምርመራዋን ከሌላው ሰው ቀድማ መጀመር አለባት፤ እዚህ ያለው የተለመደ ምክር እናትየው በሽታው ከተገኘባት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለእሷ 30 ላይ ማለት ነው። ባል እንዳይቀርባት ብለን ብንደብቃት 30 ዓመት ሲሞላት ማን ሊነግራት ነው?

ጋሼ «እስቲ ልተኛ» ብሎ ዘጋው። እኔ አልተኛሁም። እሱ እትዬን ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ እቅፉ ላይ አስደግፎ ያመላለሰ ሰው ነው፤ ስለ እሷ ከእኔ በላይ መናገር የሚገባው እሱ ነው። ደብዳቤውን ግን አላነሳሁትም።

9 ሳምንት፣ እንቁጣጣሽ

12 ማይል ቅዳሜ፣ 8 እሁድ። ሁለቱን ቀን አከታትሎ መሄድ ነው ሥልጠናው፤ የደከመ እግር በማግስቱ እንዲነሳ ማስለመድ።

ገንዘቡ በዚህ ሳምንት ሩጫ ያዘ። ኤል ካሆን ቡሌቫርድ ላይ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት የበዓሉን የቡና ገቢ እንድወስድ ፈቀደችልኝ። አምስት ጊዜ አፈላሁ። ጭሱ፣ ፈንዲሻው፣ ቄጤማው ሁሉ ተሟላ። አቦል ላይ ስለ በዓል ተወራ፤ ቶና ላይ ስለ ኑሮ፤ በረካ ላይ አንዲት ሴት «የእኔም አክስት» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ስኒው እስኪታጠብ ድረስ ስድስት ስም ተጠራ። የታክሲ ሾፌሮቹ ጠረጴዛ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ባርኔጣ አዞረና 215 ዶላር አመጣ። አንደኛው «ለእኛም ይመጣል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው፤ እዚህ አገር ከ100 ታማሚ አንዱ ወንድ ነው። ብዙ ሰው ስለማያውቅ ወንዶቹ ዘግይተው ነው የሚደርሱት።

ሌላም ነገር ነገርኳቸው፤ ከሰማሁት ጀምሮ የማይለቀኝን። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ የሚሞቱት ግን ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ይበልጣሉ። ዘግይቶ መታየት አለበት፤ ሕክምና ማቋረጥና ገንዘብ ማጣት አለበት፤ ለመድኃኒት አስቸጋሪ የሆነው የበሽታው ዓይነት በእነሱ ላይ መብዛቱም አለበት። ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ምልክት የምናደርግ ሁሉ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ነን።

1,385 ዶላር።

7 ሳምንት፣ መስቀል

ዛሬ ለልጅቷ ደወልኩ። ጋሼን አላስፈቀድኩም። ከመደወሌ በፊት የምላትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነበር።

ደመራው እንዴት እንደወደቀ ነገረችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አነሳሁና «እናትሽ የሞተችው በጨጓራ አይደለም» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «አክስቴ፣ ጨርቁን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።

14 ዓመቷ ነበር። ቁስሉ ፈንድቶ ነበር። እትዬ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠብቃ በሩን ዘግታ ታስጠርጋት ነበር። ልጅቷም ጨርቁን በነጭ ሳሙና አጥባ፣ ሰው በማያይበት ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ታሰጣዋለች። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት እናቷ። እናቷ ስትሞት ትልልቆቹ «ጨጓራ» ሲሉ ሰማች። እነሱ እንዳይጨነቁ ብላ እሷም «ጨጓራ» አለች። ዘጠኝ ዓመት እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷ ከእኛ ስትደብቅ ኖረች።

ወረቀቱን ተውኩት። ስለ ምርመራውም ስለ 30 ዓመቱም ነገርኳት፤ ግን ቀጥሎ፣ ሁለታችንም ከበቃን በኋላ። ስለ ጉዞው ስነግራት ካምፑ ውስጥ የሞቱ ሰዎች ስም የሚጻፍበት ድንኳን እንዳለ ሰማች። «የእማዬን ስትጽፊ እኔ የምልሽን ጨምሪልኝ» አለች። ምን ብዬ ልጨምር ስላት አሰበችና «አብሽሪ በይልኝ» አለች።

እዚህ የሚያነብ የሸዋም የጎጃምም ሰው ይኖራል። ወሎ ውስጥ «አብሽር» ክርስቲያኑም እስላሙም የሚለው ነው፤ አይዞህ፣ ይቀላል፣ ደግ ይመጣል ማለት ነው። ልጅቷ ጨርቁን ስታስርላት እናቷን የምትላት እሱን ነበር።

4 ሳምንት

18 ማይል ቅዳሜ፣ 15 እሁድ። ከጉዞው በፊት ትልቁ ይኸው ነው፤ ከእንግዲህ እየቀነስን እንሄዳለን። ከምሥራቅ በረሃው የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ተነስቶ ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር።

የግራ ተረከዜ 11ኛው ማይል ላይ ለበለበኝ። መቆም ነበረብኝ፤ ባልደረባዬ በጣም ስለቀደመችኝ አልቆምኩም። ማታ ሳወልቀው የእንቁላል አስኳል የሚያክል ውሃ ቋጥሯል። ለሚቀጥለው ሰው፦ የለበለበሽ ጊዜ ወዲያው ቁሚ። ካልሲ ቀይሪ፣ ቫዝሊን ቀቢ ወይም ፕላስተር ለጥፊ። አምስት ደቂቃ ያስከፍልሻል። እኔ ስምንት ቀን አስከፍሎኛል። የእግር ጥፍርም ከሳምንት በፊት ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል።

በዚህ ወር የራሴን ማሞግራም፣ የጡት ራጅ ማለት ነው፣ አስነሳሁ። እዚህ የሚመከረው ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ በእህቴ ምክንያት በየዓመቱ እንድመጣ ተነግሮኛል። እውነቱን ለመናገር ባለፈው ዓመት ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ አስተላልፌ ነበር። ማሽኑ ጡትን በሁለት ሰሌዳ መሐል ጨመቅ ያደርጋል፤ ያማል፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፤ ደህና ነኝ።

2,120 ዶላር።

2 ሳምንት

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት በክንዴ ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰዱኝ። ወደ ስድሳ ይሆናቸዋል፤ ስማቸውንም ሥራቸውንም አልጽፍም። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እጄን ወስደው ልብሳቸው ላይ፣ ቀኝ ጡታቸው ላይ አስቀመጡት። «ይኸ ነገር ምንድን ነው ልጄ?»

ጠጠር ነው። በጣቴ ስገፋው አልሄደም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። «እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም፤ ግን መታየት አለበት» አልኳቸው። ኢንሹራንስ የላቸውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች የጡት ምርመራ በነፃ የሚያስደርግ «ኤቭሪ ዉማን ካውንትስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ቆመን እያለን ስልኩን ደወልኩ፤ እሁድ ነውና አልተነሳም። ሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ እንደገና። ቀጠሮው የተገኘው ከጉዞው በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳዩት ጠየቅኋቸው። «ከፍልሰታ በፊት» አሉኝ። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩትን ሰምተው ያን ሁሉ ጊዜ አስበውበታል።

ዋዜማ

2,655 ዶላር። ሻንጣዬን መዘንኩ፤ 35 ፓውንድ ነው የሚፈቀደው። ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ቫዝሊን፣ ፕላስተር፣ የራስ መብራት፣ ጋቢ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ወፍራም ጥቁር ማርከር።

አንደኛ ቀን፣ ዓርብ

ዴል ማር ሜዳ ላይ ገና ሳይነጋ ደረስን። ሁሉ ነገር ሮዝ ነው፤ ጸጉሩም ጢሙም። መክፈቻው ላይ «እናቴ»፣ «ልጄ»፣ «ጓደኛዬ» የሚሉ ባንዲራዎች በተጓዦች እጅ ወጡ። «እህቴ» የሚለውን የያዘችው አንዲት ሽማግሌ ነበረች፤ ነፋሱ ሲያንገላታት እንጨቱን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር ሄድን። የመጀመሪያው ቀን ፈተና የቶሪ ፓይንስ ዳገት ነው፤ ከውሃው ጠርዝ ተነስቶ ከ100 ሜትር በላይ ያወጣል። ሰው ሁሉ እየፈራው ነው የሚደርሰው። እኔ ዳገቱ ሥር ስቆም የጦሳ ሽታ መጣብኝ፤ ባሕር ዛፍ አለ መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ እርምጃዬን አሳጥሬ፣ እንጨት እንደተሸከመ ሰው ወጣሁት። ብዙ ሰው አለፍኩ። መጨረሻው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ከረሜላ ይሰጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፤ ሥራ ትተው የመጡ ናቸው።

በየሦስት ማይሉ ገደማ ማረፊያ አለ፦ ውሃ፣ የጨው መጠጥ፣ ፍራፍሬ፣ መጸዳጃ፣ የእግር ሐኪም። ምሳው የሥጋ ሳንድዊች ነበር፤ ዓርብ ነውና በሶዬን በጠበጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠች የኦሃዮ ሴት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ገብስ ነው አልኳት፤ ቀመሰች፤ ደግማ ጠየቀችኝ።

ካምፑ ሚሽን ቤይ ዳር ነው። ሮዝ ድንኳን በረድፍ በረድፍ። በከባድ መኪና ላይ የተሠራ ሻወር አለ፤ ሙቅ ውሃው እግሬ ላይ ሲወርድ አለቀስኩ፤ ከድካም ብቻ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛ ቀን

ሌሊቱን ብርድ ነበር፤ ጋቢው አዳነኝ። ጠዋት ግራ እግሬ ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ ማሰሪያውን እስከ ታች ፈታሁት። 14ኛው ማይል ላይ ተረከዜ ለበለበኝ፤ አሁን ግን ቆምኩ። ባልደረባዬም ቆመች። መሄድ ያቃተውን ሰው የሚሰበስበው ቫን አጠገባችን ቆሞ «ግቡ» አለን። እንደ ሠርግ መኪና አሸብርቀውታል። መግባት ምንም ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው ይገባል። እኛ ፕላስተር ለጥፈን ቀጠልን።

ማታ ከእራት በኋላ ብቻዬን ወደ መታሰቢያው ድንኳን ሄድኩ። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳው ሁሉ በስም ተሞልቷል፤ ማርከር ይዘው ተንበርክከው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ጥግ ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ባዶ ቦታ አገኘሁ። የእትዬን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ። ከሥሩ «ደሴ። የጡት ካንሰር። 2008 ዓ.ም.»። ከዚያ ሥር «አብሽሪ — ልጅሽ»። ከጎኔ ትጽፍ የነበረች ወጣት ፊደሉን አይታ የምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ምን ይላል?» አለች። ነገርኳት። ማርከሬን ተዋሰችኝ፤ የእሷ አልቆ ነበር።

ፎቶውን ለልጅቷ ላክሁ። ደሴ እሁድ ጠዋት ነበር።

ሦስተኛ ቀን

ስነቃ ስልኬ ላይ ሁለት መልእክት። አንዱ ከልጅቷ፤ ፎቶው ብቻ፣ ስሟ ላይ ተጠግቶ ተቆርጦ። ሁለተኛው ከጋሼ፦ «አየሁት። የአባታችን ስም ላይ አንድ ፊደል ገድፈሻል።» ደግሜ አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ በእንቅልፍ ዓይን ጽፌ ነው። ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት እያነከስኩ ሄጄ አስተካከልኩና እንደገና ፎቶ ላክሁለት። «አሁን ሆነ» አለኝ።

የመጨረሻዎቹን 20 ማይሎች ብዙ አላስታውስም። ከተማው መሐል ስንደርስ መንገዱ በሰው ግራና ቀኝ ታጥሮ ነበር።

መዝጊያው ላይ ባልደረባዬ ከእኔ ተለየች፤ ታመው የዳኑት መጨረሻ ላይ ለብቻቸው ነው የሚገቡት። እነሱ ሲገቡ ተጓዡ ሁሉ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ አንድ ጫማውን አውልቆ ወደ ላይ ያነሳል፤ ክብር መስጫቸው ነው። ሰው ፊት ጫማ ማንሳት ለእኔ የሚከብድ ነገር ነው። ግን እኛ ጫማ የምናወልቀው ቤተ መቅደስ ስንገባም አይደል። ተረከዜ ላይ የተጣበቀውን ፕላስተር ይዞ እስኪወጣ ጎትቼ አወለቅኩና አነሳሁት። እሷ በመካከላቸው እየዘለለች አለፈች፤ አላየችኝም።

ከጉዞው በኋላ፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ድምር 2,870 ዶላር። ሁለት የእግር ጥፍር ጠቁሯል፣ አንዱ መነቀሉ አይቀርም። እግሬን በጨው ውሃ ሦስት ቀን ነከርኩት።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እኚያን እናት ከቤታቸው ወሰድኳቸው። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ጠበል እንደሚሄድ ሰው መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ይጸልዩ ነበር። ማሞግራሙን አነሱ፤ ቀጥሎ አልትራሳውንድ፤ ከዚያ ሐኪሟ በመርፌ ናሙና መወሰድ አለበት አለች። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ለሌሊት ፈረቃዬ የሚተካኝ ሰው አግኝቻለሁ።

ሲወጡ ርቧቸው ነበር። መኪናው ውስጥ የተረፈውን ዳቦ ቆሎ ሰጠኋቸው። «ጨው በዛበት» አሉኝ። ማክሰኞ ሲመጡ ራሳቸው ጠብሰው እንደሚያመጡ ነገሩኝ።